የኪናንጎፕ አደይ

ቤቲ ወደ ቤታችን የመጣችው እኔ ክላስ ፎር በገባሁበት ወር ነው። እናቴ የእኔን አልጋ አስወጣችና በቦታው ደብል ዴከር አስገባች፤ ላይኛውን ለቤቲ ሰጠቻት። ላይኛው መስኮቱን የሚያየው ነው። ከሱ ላይ ሆኖ የሰፈራችንን የኪሌሌሽዋን ዛፎች፣ ከዛፎቹ ማዶ ደግሞ ሙዚቃቸውን እያስጮሁ የሚያልፉትን ማታቱ የሚባሉ ሚኒባሶች ማየት ይቻላል።

«ክፍሉ እኮ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እሷ እንግዳ ናት» አለች እናቴ። «እንግዳ ወደ ላይ ነው የሚባለው።»

እንግዳዋ መቼ እንደምትሄድ ግን አልነገረችኝም።

ቤቲ የአክስቴ የይርገዱ ልጅ ናት። ይርገዱን አይቻት አላውቅም። ደብረ ብርሃን የምትኖር፣ በስልክ ስታወራ ሳል የሚያቋርጣት የእናቴ ታናሽ እህት መሆኗን ብቻ ነው የማውቀው። «እሷን አሟታል፤ ልጅቷ እዚህ ብትማር ይሻላል» ተባለና ቤቲ በአሥራ ሁለት ዓመቷ በሞያሌ በኩል መጣች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ ተወልጄ ያደግኩ በመሆኔ አማርኛዬ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተለወሰ ነው። የቤቲ አማርኛ ግን የትልቅ ሰው ነው። እሷ ስትናገር ሁርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤታችን የሚመጡት ሰዎች ጉርሻቸውን ይዘው ያዳምጡና «ውይ፣ አፏ ሲጣፍጥ!» ይላሉ። እኔ ስናገር ይስቃሉ። ቅናቴ የጀመረው ከዚያ ይመስለኛል።

ቢሆንም እስከ ነሐሴ ድረስ የሚቻል ቅናት ነበር። እናቴ አያልነሽ ቁጣዋን እኩል ነበር የምታካፍለን። አልጋ ሳናነጥፍ ከወጣን ሁለታችንም እንሰደባለን፤ ስንጣላ ካገኘችን ማን ጀመረ ብላ ሳትጠይቅ ሁለታችንንም ትቆነጥጣለች። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቤቲ የእናቴን ስልክ ይዛ በረንዳ ላይ ትወጣና ከእናቷ ጋር ታወራለች። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ ስለ እኔ ክፉ ታወራ እንደሆነ ብዬ። አንድም ቀን አላወራችም። ያም ያናድደኝ ነበር።

ከዚያ በነሐሴ መግቢያ ላይ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቀኑን ምግብ ቤት ነበር የምንውለው። ምሳ ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። «ሄሎ» አለችና ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። አባቴ ዘርይሁን ደንበኛ እያስተናገደ ነበር፤ የያዘውን ትሪ ሰው ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተከተላት። ብዙ ቆይተው ወጡ። የእናቴ ዓይን ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው እማ?»

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት የምትልጠው እሷ ሆነች። ጠዋት ገና ስንገባ ሽርጧን ታስርና ጆንያው ፊት ትቀመጣለች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ እሷም አትጠርገውም። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሠራሉ፤ ሬዲዮውም ተዘግቷል። ዛሬ ሳስበው፣ ሽንኩርት ለመላጥ የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩን። የምግብ ቤቱ እመቤት ቢላ ይዛ የምትቀመጥበት ምክንያት አልነበረም። ያኔ ግን እናቴ ሥራ የበዛባት መስሎኝ ነበር።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ቤቲ በዚያው ሳምንት ንግሥት ሆነች። ከወጡ ውስጥ ደህና ደህናው ሥጋ ወደ እሷ በኩል ይገፋል። እናቴ ማታ ማታ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራታለች፤ ሠርታ ስትጨርስ ደግሞ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ቤቲ የመስታወቱን ጆግ ጥላ ሰበረችው። ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ የነበረ፣ እኔ እንዳልነካው የተከለከልኩት ጆግ ነው። እናቴ ስብርባሪውን እየለቀመች፣ «ክፉሽን ይዞ ይሂድ» አለቻት። በማግስቱ እኔ አንድ ተራ ኩባያ ሰበርኩ።

«እጀ ሰባራ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«እማ፣ ኢት ኢዝ ኖት ፌር!»

«ፌር!» አለችና መጥረጊያውን አነሳች።

የእሑዱ ስልክም ቀረ። «ይርገዱ ጸበል ገብታለች» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከማሰሮው ሳታነሳ። «እዚያ ስልክ አያስገቡም።» ቤቲ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነገር እንኳ ቀረባት ብዬ ደስ አለኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት፣ ወይም ያገኘሁ የመሰለኝ፣ ጋሽ ሐብተማርያም የመጡ ዕለት ነው። ጋሽ ሐብተማርያም ከኪናንጎፕ ድንች እየጫኑ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ፣ ባል ከሚስት ሲኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «ይሄ ለእገሌ፣ ያ ለእገሌ ይሁን» ብለው ከወሰኑ ያለቀ ነው። የዚያን ቀን ከእናቴ ጋር ዕቃ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ እኔ ከለስላሳው ሳጥን ጀርባ ተቀምጬ ሳቄን ይዤ ነበር፤ ተደብቄ ሰው ላስደነግጥ።

«ልጅቷ እስካሁን ምንም አታውቅም?» አሉ።

«ምንም።»

«ደግ። ሚሌኒየሙ ይለፍ። በበዓል ዋዜማ አይሆንም።»

«እስከዚያ በምን አንጀቴ ዓይኗን አያለሁ፣ ጋሼ?»

«በእግዚአብሔር። ለአንቺም ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቻይው። ከእንግዲህ እናቷ አንቺ ነሽ፣ አያልነሽ።»

ሳቄ ሸሸኝ። ተመካክረው፣ ወስነው፣ እናቴን ለቤቲ ሰጥተዋታል! አልጋዬን ሰጧት፤ ፀጉር መሠራቱንም ሰጧት፤ አሁን ደግሞ ሙሉ እናቴን። ማታ አባቴን በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁትና፣

«አባ፣ ጋሽ ሐብተማርያም የሰው እናት ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ?» አልኩት።

አባቴ ሲጋራውን አጠፋ።

«ሰምተሻል እንግዲህ» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ሚዛንዬ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ለቤቲ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። በጊዜው እኛ እንነግራታለን።»

ስለዚህ ለእሷ ሰርፕራይዝ ነበር ማለት ነው። እንደ ልደት ስጦታ በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውላታል፤ እኔ ደግሞ ምስጢሩን እንድጠብቅ ተለመንኩ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። ለምን እንደሳመኝ ሳላውቅ ፊቴን ጠረግኩት።

የዚያ ዓመት በዓል ተራ በዓል አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ነው። የናይሮቢ ሐበሻ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሕፃናት አበባ ይዘው የአዲስ ዓመት ዘፈን እንዲዘፍኑ ተወስኗል። ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ከግንቦት ጀምሮ ሻወር ቤት ገብቼ ተለማምጃለሁ። በዓሉ ሲቃረብ እናቴ እኛን ልጆቹን የምታለማምደውን አሰላፊ ሴትዮ ወደ ጎን ጠርታ አነጋገረቻት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ውይ የኔ እናት!» አለችና ወደ እኛ ተመለሰች።

«ዘንድሮ ቤቲ ታውጣ። ሚዛን፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ አጨብጭቢ።»

አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

አበባውን ያገኙት ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው። ድንች ሊጭኑ ሲሄዱ ከኪናንጎፕ በላይ፣ ተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ አደይ የመሰለ ቢጫ አበባ ማየታቸውን ተናገሩ። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው በፒካፓቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን። እኔ መኪና ያቅለሸልሸኛል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን ነው የምቀመጠው። የዚያን ቀን ግን ከፊት የተቀመጠችው ቤቲ ነበረች። እናቴ ከእኔ ጋር ከኋላ ሆና መንገዱን ሁሉ የቤቲን ማጅራት ስታይ ሄደች። ሊሙሩ አካባቢ በፌስታል ውስጥ አስመለስኩ። እናቴ አፌን ጠረገችልኝ፤ ዓይኗ ግን እዚያው ማጅራት ላይ ነበር።

ኪናንጎፕ ቀዝቃዛ ነው። ጉም ከተራራው እየወረደ ጎመኑንና ድንቹን ይሸፍናል፤ ከአፍ እንፋሎት ይወጣል። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ በጭቃ እየተንሸራተተ ሽቅብ ወጣና አንድ አጥር አጠገብ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ ሜዳው ቢጫ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ጎንበስ ይላል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ቀና ይላል።

ቤቲ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች። መሀሉ ላይ ተንበርክካ አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና፣

«አክስቴ! ይሄ እኮ የኛው ነው!» ብላ ጮኸች።

አባቴ አንዱን ቀጥፎ እያገላበጠ፣ «ቅጠሉ ግን ትንሽ ይለያል መሰለኝ» አለ።

«አደይ አይደለም የሚሉ አሉ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ዘመዱ ነው አሉ። በሰው አገር ዘመድ ካገኘህ መች አነሰህ?»

ስንለቅም የመሬቱ ባለቤት፣ ራሷን በሻርፕ ያሰረች ኪኩዩ ሴትዮ፣ የወተት ዕቃዋን እንደያዘች መጥታ ቆመችና በሳቅ ፈነዳች። «ማጉጉ!» አለች። ከሁሉም ቀድሞ የገባኝ እኔን ነው። አረም ነው፣ ከናይሮቢ ድረስ አረም ልትለቅሙ መጣችሁ? ነው የምትለው። በስዋሂሊ ለአዲስ ዓመት መሆኑን ነገርኳት። «በሴፕቴምበር?» ብላ እንደገና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቤቲ የማታውቀውን ነገር አውቃለሁ፤ ለሁሉም የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አይታኝ ይሆን ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ቤቲን ነበር የምታየው።

እልህ ያዘኝ። ከሁሉም የሚበልጥ እቅፍ ለቅሜ፣ ጭቃ ውስጥ ወድቄ፣ ተነስቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና እንደ ድንች ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ያኔ ቤቲ መጣች። የያዘችው ትንሽ ነው፤ በሣር አስራዋለች። እናቴ ፊት ቆማ ወደ ፊቷ ዘረጋችውና ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ቀስ ብላ፣

«ይቺ ደግሞ የእማዬ ናት» አለች።

እናቴ እቅፏን ተቀበለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ወደ ፒካፑ ጀርባ ሄደች፤ አባቴ ተከተላት። ጋሽ ሐብተማርያም ምንም ያልሆነ ጎማ በእግራቸው መታ መታ ያደርጉ ጀመር። በመኪናዎቹ መሀል አጮልቄ ሳይ እናቴ አበባውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ቤቲ ሰርፕራይዙን ደርሳበታለች። እናቴን «እማዬ» ብላ ጠራቻት፤ እናቴም ከደስታ ብዛት አለቀሰች። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እማ» ስላት አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም።

ናይሮቢ እስክንገባ እናቴ ያቺን እቅፍ ጭኗ ላይ ይዛት ነበር። የእኔ ባልዲው ውስጥ ነው።

ቤት እንደገባን ክፍላችንን ዘጋሁና በቤቲ ላይ ዘመትኩ። «ላይኛውን አልጋ መልሺ! ለምን ወደ እናትሽ አትሄጂም? የኔን እናት ለምን ትወስጃለሽ?» አልኳት። ቤቲ ፀጉሬን ያዘችኝ። እኔም ሹሩባዋን ያዝኩ። ወለል ላይ ተንከባለልን፤ ነከስኳት፤ ቧጠጠችኝ። በሙሉ ኃይሏ ነበር የምትመታኝ፤ ታላቅ ነኝ ብላ አልራራችልኝም። እናቴ ሮጣ መጥታ አላቀቀችንና የቆነጠጠችው እኔን ብቻ ነው።

«የጀመርኩት እኔ ብሆንስ?» አለች ቤቲ እያለከለከች። «እኔንም ቆንጥጪኝ እንጂ!»

እናቴ እጇን አነሳች። አልቻለችም። እጇ ወርዶ የቤቲን ራስ ዳበሰ።

በዓሉ ደረሰ፤ ቤቲ ዘፈነች። አዳራሹ በቢጫ አበባ ተሞልቶ፣ ከፊት ቆማ፣ ድምፅዋ አንድም ቦታ ሳይሰበር ስታወጣ እኛ ተቀበልናት። ትልልቅ ሰዎች ያለቅሱ ነበር። በደንብ ስለዘፈነች መስሎኝ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ እግዚአብሔር ሆይ፣ ግጥሙ ይጥፋባት ብዬ ጸለይኩ። አልጠፋባትም።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከሳሎን በኩል ኮቴ ሰምቼ ነቃሁ። ብቅ ስል ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሐብተማርያም፣ አሰላፊዋ ሴትዮ፣ ቄሱ፣ የምግብ ቤቱ ሠራተኞች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ ጥቁር ለብሳለች። አባቴ ቤቲን በቢጃማዋ ከክፍላችን አውጥቶ መሀል ላይ አስቀመጣት። ዛሬ ነው እንግዲህ፤ ዛሬ እናቴን በይፋ ሊያስረክቧት ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ሰው ለእሷ ሲሉ ከእንቅልፉ ቀስቅሰዋል።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም፣ «ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ነው። የሰጠም የነሳም…»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች ቤቲ።

ጋሽ ሐብተማርያም እናቴን አዩ።

«እማዬ ሞታለች። አውቃለሁ።»

የጮኸችው ቤቲ አይደለችም፤ እናቴ ናት። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «እህቴን! ይርገዱዬን! ሳልቀብርሽ! ሳላለቅስልሽ!» እያለች ደረቷን መታች፤ ወለሉ ላይ ወደቀች። ቤቲ ከተቀመጠችበት ተነሳችና አጠገቧ ተንበርክካ ራሷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እናቴን አቅፋ እንደ ሕፃን አወዛወዘቻት። የግቢው ዘበኛ ሌባ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

እኔ የበሩን መቃን ይዤ ነበር። እናቴ እህት እንደነበራት፣ ይርገዱ የምትባለው በስልክ የምታስል ሴት የእናቴ እህት መሆኗ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ መጥቶ አነሳኝ።

«መቼ ነው የሞተችው?» አልኩት።

«በነሐሴ» አለኝ። «ታውቂ የለ፣ ሚዛንዬ?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩና አንገቱ ሥር ገባሁ።

ቤቲ እኛው ጋ አደገች። ሐዘኑ ወራት ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ማሰሮ አሳረረችና እናቴ «ዓይንሽ የት ነው አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸችባት። ቤቲ ማማሰያውን እንደያዘች ከት ብላ ሳቀች፤ እናቴም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ቆሜ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም ቀንቻለሁ።

አሁን ቤቲ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ነው የምትኖረው። ባለፈው ወር ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጇ አራሱን ሕፃን እግሩን ነክሳው ቤቱ ተተራምሷል። አጥፊዋ ሶፋው ሥር ገብታ አልወጣም ብላለች። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ «ልብሽ ይገባኛል፣ የኔ እናት» እያልኩ ሳባብላት ቤቲ ሳቀች።

«አንቺማ የነከስሽኝ ጠባሳ አሁንም አለ» አለችኝ።

«መቼ ነበር ያወቅሽው ግን?» አልኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቄያት አላውቅም።

«ጆጉን ስሰብር» አለች። «ሆን ብዬ ነው የሰበርኩት። ሁሉም ሰው ሲሳሳልኝ ጊዜ ጠረጠርኩ። አክስቴ በደህና ጊዜ ብትሆን በዚያ ጆግ ትገድለኝ ነበር። ኪናንጎፕ ላይ ደግሞ ለእማዬ ብዬ ሰጠኋትና ፊቷን አየሁት። በቃ። ከዚያ ወዲያ ጸበሉንም አልጠየቅኩም።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«በምን አፌ? እነሱ እኔን በዓል ሊያስውሉኝ ይደክማሉ፤ እኔ እነሱን ላስውላቸው እደክማለሁ። የሚያየኝ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እንደ ታመመ ሰው ነበር የሚይዙኝ።» ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። «አንቺ ብቻ ነበርሽ የማታዝኚልኝ። ለምን ወደ እናትሽ አትሄጂም ስትዪኝ እኮ፣ ሚዛን፣ የምሄድበት ያለ መሰለኝ።»